ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ባለቤቴ ባለፈው የብርድ ወራት ጋራዣችን ውስጥ ድንኳን ሲሰፋ ከረመ። የእኔ መኪና ውጭ በረዶ ለብሳ ታድራለች፤ እሷ ልትቆምበት በሚገባው ቦታ ላይ የወፍራም ሸራ ክምርና ሶፋ ከሚያለብስ ሰው የተገዛ አሮጌ የስፌት መኪና አለ፤ ከስፌት መኪናው ፊት ደግሞ ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ የተቀመጠ ወንድ። ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን መስታወት እየፋቅሁ የምናገረውን ሁሉ እዚህ ብጽፈው ቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ ያስወጣኝ ነበር።

ይህን ሰው በቅጡ ላስተዋውቅ። እዚህ ኮለምበስ አቅራቢያ፣ ኦቤትስ ካለ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ዲቪ ደርሶት አገር ከመልቀቁ በፊት ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ ፓርክ የእንግዳ ማረፊያው አስተናጋጅ ነበር። ማረፊያ ይባል እንጂ ማንንም አያሳርፍም ነበር ይላል። ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ሲዘንብ ያፈሳል፣ ቧንቧው ከማንኮራፋት በቀር ውሃ አይሰጥም። ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ጭኖ የመጣ ሰው ሳላውንና ከርከሮውን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ክፍሉን ከፍቶ ያይና «በሉ ሳይመሽብን እንሂድ» ብሎ ወደ ከተማ ይመለሳል። ባለቤቴ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ የመኪናውን አቧራ እያየ ይቀራል። «ፓርክ እኮ የሚጀምረው ሲመሽ ነው» ይላል እስከ ዛሬ። «አንበሳው ሲያገሳ፣ ጅቡ ከማዶ ሲጮህ፣ ያኔ ነው። እነሱ ግን ሳይሰሙት ሄዱ።» እነዚያን የሄዱ እንግዶች እስከ ልብሳቸው ቀለም ድረስ ያስታውሳቸዋል። የጋብቻችንን ቀን ግን እኔ ካላስታወስኩት አያስታውስም።

ያኔ አለቃው የነበሩት ሴትዮ አሁን የፓርኩ ጎረቤቶች ያቋቋሙት ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው፤ እሱን ገና በወጣትነቱ ሥራ ያስጀመሩት እሳቸው ስለሆኑ «ልጄ» ይሉታል። ማኅበሩ አሮጌውን ማረፊያ አፍርሶ አዳዲስ ክፍሎች ሊሠራ ሲነሳ እትዬ የመረጡት ብሎኬት ነበር። ባለቤቴ ይህን በስልክ የሰማ ዕለት እራቱን አልበላም። «በቆላ ብሎኬት ማለት ምድጃ ማለት ነው! ደግሞ ግድግዳው ድምፁን ሁሉ ይዘጋዋል። ታዲያ ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ምን ሊሰማ ነው?»

የእሱ ሐሳብ ድንኳን ነው። በድንጋይ መደብ ላይ የቆመ፣ ድርብ ጣሪያ ያለው፣ ነፋስ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው የሚወጣበት፣ ከኋላው ንጹሕ መታጠቢያ የተያያዘለት፣ ሁለት አልጋ ያለው የእንግዳ ክፍል። በሌሎች የአፍሪካ ፓርኮች እንዲህ ያለ ማረፊያ ብርቅ እንዳልሆነ ለማሳየት ለእትዬ ቪዲዮ ሲልክላቸው ከረመ። እትዬም ቪዲዮውን ሁሉ በትዕግሥት እያዩ ያንኑ መልስ ይመልሱለታል። «ልጄ፣ ያ ለፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ድሮም ያድርልናል። እኔ የምፈልገው የራሳችን ሰው እንዲያድር ነው። ሀበሻ ደግሞ ከፍሎ ድንኳን ውስጥ አይተኛም።»

በዚህ መሃል የእትዬ ልጅ እዚሁ ኮለምበስ፣ ዋይንላንድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ወለደችና እትዬ ሊያርሷት መጡ። ባለቤቴ ይህን የጌታ ሥራ ነው ብሎ ወሰደው። ከመመለሳቸው በፊት አንድ ድንኳን ሠርቶ፣ አቁሞ፣ አልጋውን አንጥፎ ሊያሳያቸው ለመናቸው። እሺ አሉት። «ግን እንዳንቀያየም። ካላሳመንከኝ እንደተመለስኩ ብሎኬቱ ይደረደራል» ብለው አስጠነቀቁት። እንግዲህ የስፌቱ ሁሉ ምክንያት ይኸው ነበር።

እኔ መሃል ከተማ ባለ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የእትዬ ወገን ነበርኩ። ሸራ በምን ይወለወላል? እንግዳ ሻይ ቢደፋበትስ? አንድ ቀን ግን እራት ቀርቧል ልለው ጋራዥ ስገባ የድንኳኑን መስኮት እየሰፋ ለራሱ ሲያወራ ሰማሁት። «ትራሱ እዚህ ጋ ይሆናል፤ ቀና ሲል ወንዙ ይታየዋል» ይላል። ጋራዣችን ውስጥ ወንዝ የለም። ያለው የሣር ማጨጃና የልጃችን አሮጌ ብስክሌት ነው። እኔ ግን የቆምኩበት ቦታ አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲያሸንፍ ፈለግሁ፤ በጣም ፈለግሁ። መስታወት እየፋቅሁ መራገሜን ግን አላቆምኩም።

እትዬ ሊመጡ በቀጠሩበት ቅዳሜ ዋዜማ ካናል ዊንቸስተር ካለው ቤታችን ጀርባ ድንኳኑ ቆመ። ጓሯችን አጥር የለውም፤ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ከሣሩ ማዶ ነው። እውነት ለመናገር ያምራል። ቀለሙ የደረቀ ሣር ይመስላል፤ መስኮቶቹ በመረብ ተሸፍነዋል፤ የኋላው ግድግዳ ደግሞ ትልቅ መስኮት፣ የዕቃ ኪሶች፣ ለመታጠቢያው የተተወና ለጊዜው በስፌት የተዘጋ በር ያለው፣ ባለቤቴ ከሁሉ አብልጦ የለፋበት ነው። እኔም በሥራ ቦታዬ እንደማደርገው ሁለቱን አልጋዎች ጥርት አድርጌ አነጠፍኩ። ልጃችን ዞር ዞር ብላ አይታ «ዳድ፣ ኢትስ አክቹአሊ ናይስ» አለችው፤ ለካ ያምራል ማለቷ ነው። ከእሷ ይህን ያህል መስማት ሽልማት ነው። እንግዳ ቢበዛ ብሎም ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ታጣፊ ወንበሮች ተውሶ ደጁ ላይ ደረደራቸው።

እንግዲህ አስቡት። የሀበሻ ቤት፣ ድንኳን፣ የተደረደረ ወንበር።

ከመዘምራኑ አንዲት እህታችን ከሥራ ስትመለስ በዚያ መንገድ አለፈች። ድንኳኑን አየች፤ ወንበሩን አየች፤ ባለቤቴንም አንገቱን ደፍቶ አየችው፤ ካስማ እየመታ ነበር። ሠርግ ቢሆን ትጠራ ነበር፤ ስለዚህ ሠርግ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ስልክ ብትደውልልኝ ነገሩ ሁሉ ባለቀ። ግን እንዴት ትደውል? ማን ሞተባችሁ ተብሎ በስልክ አይጠየቅም። ይባስ ብሎ እኔን ጓሮ ስላላየችኝ «እሷ ገና አልተረዳችም፤ ባሏ ድንኳኑን ጥሎ የሚያረዳት ሰው እየጠበቀ ነው» ብላ ደመደመች። ወዲያው ለአንዷ ኮል አደረገች፤ እሷም ለሌላዋ። ምሽቱን ሙሉ የኮለምበስ ሀበሻ ሲደዋወል ያመሸ ይመስለኛል። ለእኔ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ አዝነውልኝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን በሻሽ አስሬ ወለል ሳጸዳ ደወሉ ጮኸ። በሩን ከፈትኩ። ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው እህቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንድሞች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። መኪናው መንገዱን ሞልቶታል። ማንም አይናገርም። ጋሼ ዓይኔን ላለማየት የበሩን እጀታ ያያሉ።

እኔ ይህን ነገር አውቀዋለሁ። በጠዋት፣ ሳይደውሉ፣ በቡድን፣ በጥቁር ልብስ። እንዲህ ሆኖ የሚመጣው መርዶ ብቻ ነው። አገር ቤት ደግሞ እናቴ አለች። ጉልበቷን ያማታል፤ በዚያ ሳምንት ስንነጋገር ድምፅዋ ደከም ብሎብኝ ነበር።

«እናቴን!» ብዬ ጮህኩ።

እነሱ የሞተው ማን እንደሆነ ገና አያውቁም ነበር። አሁን ከእኔው አፍ ሰሙና ባንድ ላይ አለቀሱ። ጋሼ ትከሻዬን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ ጌታ ያጽናሽ። እሳቸው ጌታ ጋ ናቸው» አሉ። ጌታ ጋ ናቸው ሲሉማ ቁርጡን አወቅሁና እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ አልኩ። እህቶች ከበቡኝ። አንዷ ውሃ፣ አንዷ ሶፍት፣ አንዷ ደግሞ የወለል መጥረጊያዬን ይዛ ታለቅሳለች።

ልጄ በፒጃማ ከደረጃው ወረደች። «ማም! ሁ ዳይድ?»

«አያትሽ!»

የእሷም እንባ መጣ። ግን የዚህ አገር ልጅ ናትና «ሁ ቶልድ ዩ?» ብላ ማን እንደነገረን ጠየቀች። እኔ ወደ ጋሼ ጠቆምኩ። ጋሼ በመንገድ ወዳለፈችው እህት ጠቆሙ። እሷ ደግሞ «እኔማ አሁን ከእሷ ነው የሰማሁት» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ልጄ ሁላችንንም አየችን፤ ከዚያ ስልኬን አንስታ ለአያቷ በቪዲዮ ደወለች።

እናቴ ወዲያው አነሳች። ጎመን እየከተፈች ነበር።

«ምን ሆናችሁ? ይህ ሁሉ ሰው ምንድነው? ማን ሞተ?» አለች።

«አንቺ!» አልኳት እያለቀስኩ።

«እኔ? ማነው ያለው?» ተቆጣች። «እኔ ጎመኔን እየከተፍኩ ነው! በይ ተነሺ ከመሬት፣ ወገብሽን ይይዝሻል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ ልበለው ሳቅ እኔም አላውቅም። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ሱፋቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እህቶች እየተቃቀፉ እንባቸውን ያብሳሉ። ባለቤቴ ጫጫታውን ሰምቶ መዶሻውን እንደያዘ ከጓሮ ሲገባ፣ ለቀስተኛ ሞልቶ ሚስቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘ። እሱም ምንም ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀመረ። ሰው ሲያለቅስ እያየ ዝም የሚል አንጀት የለውም።

ይህን ሁሉ የሚያሳርግ እንግዳ ይቀር ነበር። እትዬን አማቻቸው በመኪና ይዟቸው ደረሰ። እትዬ የተደረደረውን መኪና፣ ጥቁሩን ልብስ፣ በእንባ የራሰውን ሰው አዩ። የሞተው ማን ሊሆን ይችላል? «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሥራውን ሳላይለት!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ባለቤቴ ከሰው መሃል ወጥቶ «እትዬ፣ አለሁ» አላቸው። ትከሻውን በጥፊ ሲመቱት፣ ሲስሙት፣ እንደገና ሲመቱት ሁላችንም እንደገና በሳቅ ፈነዳን።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ሲነገራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«አየህ ልጄ? ያልኩህ ይኸው ነው። የኛ ሰው ድንኳን ሲያይ ማን ሞተ ነው የሚለው። ኮለምበስ መጥቼ ለነገሬ ይህን የሚያህል ምስክር አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀም። ፊቱ ላይ ያለውን ሳይ የእኔም ሳቅ ጠፋ። በዚያች ደቂቃ ያን ሁሉ ለቀስተኛ አንድ በአንድ እየገፋሁ ባስወጣ ደስ ባለኝ። አዝነውልን መጥተው የሰውዬውን ልፋት ቀበሩት አልኩ በሆዴ።

ግን ለቀስተኛ እንዲህ በቀላሉ አይሄድም። የአልሙኒየም ትሪ ሙሉ ምስር፣ ፍርፍር፣ ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተዋል። ቫን ውስጥ ደግሞ አንድ ድንኳን ለሰዉ አይበቃም ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ ካኖፒ፣ ጎኑ ክፍት የሆነውን የሸራ ዳስ፣ ጭነዋል። ጋሼ «ያመጣነውን መልሰን አንወስድም፤ የእናትሽን በሕይወት መኖር እናከብራለን» ብለው ካኖፒው ከባለቤቴ ድንኳን ጀርባ እንዲተከል አዘዙ። እትዬ በዚህ መሃል ድንኳኑን ተዘዋውረው አዩ። ሸራውን ዳሰሱ፤ አልጋውን ጫን ጫን አድርገው «አነጣጠፉ የባለሙያ ነው» ብለው አመሰገኑኝ። ለባለቤቴ ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉት። ድምፃቸው ሐኪም ቤት የተኛ ሰው የሚጠይቁ ይመስል ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሰው ተበታተነ፤ ገሚሱ በባለቤቴ ድንኳን ውስጥ፣ ገሚሱ ካኖፒው ሥር ተጠለለ። ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁ ሌላ ነው። ጋሼ ጣታቸውን አንስተው «ስሙት እስቲ» አሉ፤ ሁሉም ዝም ብሎ ሰማ። አንዲት ትልቅ እህት ጫማቸውን አውልቀው አልጋዬ ላይ ጋደም አሉና «እዚህማ ልደር» አሉ። ባለቤቴ ቀና ሲል አየሁት።

ዝምታው ግን አልዘለቀም። ትሪዎቹ ያሉት ካኖፒው ሥር ነው። መሃል ላይ ደግሞ ያ የኋላ ግድግዳ አለ። «ዳቦ አቀብሉን እንጂ!» ይላል ከዚህ ወገን። «ጨው የት ነው ያላችሁት?» ይላል ከዚያ። ዞሮ ለመሄድ ዝናቡ አያስኬድም። መዝሙር ሲጀመር በግድግዳው የተነሳ የካኖፒው ወገን ሁልጊዜ ግማሽ ስንኝ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኔ ለሁለቱም ላጨበጭብ ብዬ እጄ ጠፋብኝ። ልጆቹ መፍትሔውን ቀድመው አገኙት። የግድግዳውን ጠርዝ ከመሬት ቀና እያደረጉ በሆዳቸው ሾልከው መመላለስ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ የዳቦ ሳህን በዚያው ገባ። በመጨረሻም ጋሼ ራሳቸው ሱፋቸውን ሰብስበው ለመሹለክ አጎነበሱ።

«ኧረ ካስማው ይነቀላል!» ይላል ባለቤቴ። የሚሰማው የለም።

እትዬ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ። ዓይናቸው ከዚያ ጠርዝ አልተነሳም። ብዙ ቆይተው «ልጄ፣ ና እስቲ» አሉት። ሄዶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ፤ እኔም ተጠጋሁ።

«ለካ ሰዎቻችን ድንኳኑን አይደለም የሚጠሉት» አሉ። «ለየብቻ መሆኑን ነው። ያኔ ሳያድሩ የሄዱብንን ታስታውሳለህ? ቤቱ ስላፈሰሰ ብቻ አይመስለኝም። ሚኒባስ ሙሉ ቤተሰብ ዘፍኖ ሲመጣ፣ እኛ ሲመሽ ሁለት ሁለት አድርገን በየክፍሉ ልንቆልፍበት ነበር። ምን ብሎ ያድራል? እኔ ያዘዝኩት ብሎኬትም ያው ሁለት ሁለት ነው። የአንተም ድንኳን ሁለት ሁለት ነው። ሁለታችንም ከፈረንጁ ነው የቀዳነው።»

እትዬ ወደ ኋላው ግድግዳ ጠቆሙ።

«ይህ የኋላ ግድግዳ ባይኖርስ? መሃል ላይ አንድ ትልቅ ድንኳን፣ መብላቱም ጨዋታውም እዚያ፤ መኝታዎቹ ዙሪያውን፣ ጀርባቸው ወደ እሱ የተከፈተ። ለመተኛት ሲፈለግ መጋረጃ ይወርዳል።»

«መታጠቢያው የሚያያዘው በዚህ ግድግዳ ነው» አለ ባለቤቴ በቀስታ።

«መታጠቢያው ወደ ጎን ይዙር» አልኩ እኔ ሳልጠየቅ። «ለጽዳትም የሚሻለው እንደዚያ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ፤ የሚስቱን ክህደት ያየ ፊት።

«እንደዚህ ከሆነ ብሎኬቱን አስቀራለሁ» አሉ እትዬ። «እንደነበረው ከሆነ ግን አላስቀርም። የኛ ሰው አያድርበትም።»

ባለቤቴ ተነሳና ግድግዳው ፊት ቆመ። መስኮቱን ነካው፣ ኪሶቹን ነካካቸው። ያ ግድግዳ የእሱ የብርድ ወራት ነው፤ እያንዳንዱን ስፌት እኔም አውቀዋለሁ። ወደ ቤት ይገባ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ሲከፋው ወደ ቤት ነው የሚገባው። እሱ ግን መሳሪያ ሳጥኑ ጋ ሄዶ ትልቁን የሸራ መቀስ አወጣ።

«በዚያ በኩል ወጥራችሁ ያዙልኝ!» ብሎ ለካኖፒው ወገን ተጣራ። ከወዲያ ብዙ እጆች ሸራውን ያዙት። ከወዲህ እኔ ያዝኩት።

ከላይ ጀምሮ ቆረጠ። ድርቡ ስፌት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «ይህች ስፌት መከራዬን ነው ያሳየችኝ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ቁረጠው» አልኩት።

ቆረጠው። ግድግዳው ሣሩ ላይ ሲወድቅ ከወዲያ ያለው ሕዝብ በሙሉ ታየ፤ የዳቦ ሳህን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ። እልልታው ቀለጠ። እትዬ ከአልጋው ሳይነሱ ስልካቸውን አውጥተው አገር ቤት ደወሉ፤ ጫጫታውን ለማሸነፍ እየጮኹ «ብሎኬቱን ተዉት! አታስጭኑ! ልጄ የሚሠራው አለ!» ሲሉ ሁላችንም ሰማን። ባለቤቴ መቀሱን እንደያዘ ፊቱን አዞረብን። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ሄጄ ከኋላው አቀፍኩት። ያን ቀን እኔን ጨምሮ ስንቱ ሰው እዚያ ቤት በከንቱ አለቀሰ፤ የሚያስለቅስ ነገር የገጠመው ግን እሱ ብቻ ነበር፣ ያውም የደስታ።